ሽማግሌዎቹ የቆሙበት ደጅ

ውድ ልጄ ሰሎሜ፣

ሰባ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ውኃዬን ከቦኖው ራሴ እቀዳለሁ። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፤ ጎረቤቴ እትዬ ውባየሁ «ጨው በዝቶበታል» ትላለች፣ ለሷ በዝቶ ይሆናል። ቦንጋ ገበያ ድረስ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። ባጃጅ የሚሳፈረው የቸኮለ ሰው ነው፤ እኔ የምቸኩልበት የለኝም። መጋዝ እስካሁን ከእጄ አልወደቀም። ድሮ በሳምንት ሁለት በር እገጥም የነበርኩት ሰውዬ አሁን አንድ መስኮት ሲያደክመኝ ይውላል፤ ቢሆንም ሳልገጥም አላድርም። የግራ ዓይኔ ደመና ለብሷል። እሱን እንዳትጀምሪኝ። በቀኙ እየጻፍኩ ነው።

በአጻጻፌ አትሳቂ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከእናትሽ ጎን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ለእሷ፣ ለበዛወርቅ፣ ቶሎ ገባት። እኔ እልኸኛ ስለሆንኩ ብቻ ጨረስኩ። ግዛቸው፣ የእትዬ ውባየሁ ልጅ፣ ያ ነርስነቱን ትቶ የሞባይል ሱቅ የከፈተው፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍልዎ» ብሎኝ ነበር። «ለልጄ የምለውን ሱቅ ውስጥ አልልም» አልኩት።

ለምን አልደወልክም ትይ ይሆናል። በስልክ ሲሆን እኔ እጮኻለሁ፣ አንቺ ዝም ትያለሽ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጥና ሁለታችንም ደስ ይለናል። ይሄ ነገር እንደዚያ እንዲያልቅ አልፈልግም።

«እሺ አባዬ። ቃልህን አላሳጥፍህም። የመልቀቂያ ማመልከቻዬን መልሼ ወስጃለሁ።» መልእክትሽ ይሄው ነው። ግዛቸው አነበበልኝ። ከዚያ ራሴ አነበብኩት። ከዚያ ደግሞ አነበብኩት። ሰሎሜ፣ አንቺ እኮ እሺ ብለሽ አታውቂም። ገና ድክ ድክ ስትይ «ጫማሽን አድርጊ» ብልሽ «ለምን?» ያልሽ ልጅ ነሽ። እናትሽ «ይቺ ልጅ ከሆዴ ስትወጣም ለምን ብላለች» ትል ነበር። ብትቆጪ ይሻለኝ ነበር። ቁጣሽን ለምጄዋለሁ፣ መልስም አለኝ። ለእሺሽ ግን መልስ አጣሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ደክሞኛል። የእግር ድካም አይደለም፤ በእግሬማ አሁንም ዳገት እወጣለሁ አልኩሽ።

የሆነውን የሰማሽው እዚያ አብረሻቸው ከምትኖሪው ከደካ ሰዎች አፍ ነው። እስቲ ከኔም ስሚው።

መጀመሪያ አንቺ ደወልሽ። የመስቀል ሰሞን ነው፤ ዝናቡ አልለቀቀም፣ ከቆርቆሮው ድምፅ ጋር እየታገልኩ ነበር የማዳምጥሽ።

«አባዬ፣ አለፍኩ!»

«ምኑን?»

«ፈተናውን ነዋ! አዲስ አበባ። ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። በሰመመን ሙያ ከተወዳደሩት አንደኛ ወጣሁ።»

«የመንግሥት ከሆነ ደሞዙ ያው አይደል እንዴ?» አልኩሽ። እንኳን ደስ አለሽ ሳልል፣ መጀመሪያ ደሞዙን።

«መነሻው ያው ነው። ግን ደረጃው ከፍ ይላል፣ የቤት አበል አለው፣ ዲዩቲ ሲሠራ በደንብ ይከፈላል። ደግሞ የግል ክንፍ አላቸው።»

«ሆስፒታል ክንፍ አወጣ?»

ሳቅሽ። እንደዚያ ስትስቂ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ከፍሎ መታከም የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በኋላ እዚያው መንግሥት ሆስፒታል ውስጥ እንደሚታከም፣ ትርፍ ሰዓት ለሠሩት ባለሙያዎችም ከዚያ ላይ እንደሚታሰብላቸው አስረዳሽኝ። ማስታወቂያውን በቴሌግራም አይተሽ፣ ለኔ ትንፍሽ ሳትይ ሄደሽ ተፈትነሽ እንደተመለስሽ ነገርሽኝ። ከዚያ ያልሽው ነገር ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። «አባዬ፣ ሳልሰደድ፣ ሙያዬን ሳልተው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ የሚበቃኝን የማገኝበት ቦታ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለካ ፈልገው ካገኙት አለ።»

ኩራቴን ምን ልበልሽ። ጤና ተማሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ መምህር መሆን ነበር የፈለግሽው። «ሰው መታመሙን አይተውም፣ መንግሥትም መክፈሉን አይተውም፤ ይሄን ያህል ዋስትና ያለው ሥራ የለም» ብዬ አፍሽን ዘጋሁት። መታመሙስ እውነት ሆነ። ስለ መክፈሉ ግዛቸውን ጠይቂው። ብቻ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ምክሬ ትክክል የሆነ መሰለኝና ሰፈሩን ዞሬ አወራሁ። «ልጄ አዲስ አበባ በከፍተኛ ደሞዝ ተቀጠረች» እያልኩ። ገና አለመቀጠርሽን አልነገርኳቸውም። መልቀቂያሽን ይዘሽ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ካልቀረብሽ ቦታው ለተጠባባቂው እንደሚሰጥ ብትነግሪኝም፣ ይሄ ለጉራ የሚመች ነገር አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ከደካ ስልክ መጣ።

«አቶ ገብረ ሥላሴ ነዎት? ጣሰው እባላለሁ፣ የደካ ሰው ነኝ። በልጅዎ በሰሎሜ ጉዳይ ሽማግሌ ሆነን እሑድ ደጅዎ ልንመጣ ነው። ይቀበሉናል ወይ?»

ምን ጉዳይ ብዬ አልጠየቅኩም። ሽማግሌ በሴት ልጅ ጉዳይ ልምጣ ሲል ምን ጉዳይ ተብሎ አይጠየቅም። «ደጄ ክፍት ነው» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ መጋዜን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

ሰሎሜ፣ ስለ ትዳር ጠይቄሽ አላውቅም። እናትሽ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለውን የሚጠይቅ ሰው በቤታችን የለም። አለመጠየቅ ግን አለማሰብ አይደለም። ለሰው በር ስገጥም፣ መቃኑን ሳቆም፣ «በዚህ በር የዚህ ቤት ልጅ ሽማግሌ ይገባል» እል ነበር በሆዴ። ደግሞም ገባ፤ የስንቱ። የኛ ደጅ ግን ዝም አለ። አንቺ ሠላሳ አራት ሞላሽ። እናም ጣሰው ሲደውል፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሰውዬው ምንም ይሁን ምን፣ መጥተዋል አልኩ።

ለእትዬ ውባየሁ ነገርኳት። ሳልጨርስ እልል አለች። «ጋሼ፣ ልጁ ሐኪም ነው?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። «ሐኪም ይሆናል። ሐኪም ካልሆነ የት አግኝቷት?» አለችና ደምድማ ሄደች። ሺሺንዳ ገበያ ወርጄ በግ ገዛሁ። የእድር ወንበር ተሸክመን አመጣን። ነቢዩን ታውቂዋለሽ፣ ያ ምላሱ የማያርፍ ጎረቤታችን፣ እሱንም ጠራሁት፤ ባልጠራው ኖሮ ደግሞ የባሰ ይናገር ነበር።

ከአልጋው ሥር ያለው የእናትሽ ቅል ትዝ ይልሻል? ያ ነጭ ማር። «የሰሎሜ ሽማግሌ ሲመጣ ይከፈታል» ብላ አፉን በሰም ያሸገችው። እሱን አወጣሁት። ሰሙ ላይ የአውራ ጣቷ ምልክት እንዳለ ነው። ያኔ ትኩስ ሆኖ ስትጫነው እንዳቃጠላት፣ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ እንደሳቀች ትዝ አለኝ። ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩት።

እሑድ መጡ። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነበሩ። ከፊት ጣሰው፣ ረጅም ሰውዬ ነው፣ ዘንጉን ይዞ። ከኋላው ቄስ ኃይለሚካኤል። ከቄሱ ጎን ፓስተር ከፈለኝ። ቄስና ፓስተር አንድ ሚኒባስ ተሳፍረው ሲመጡ ሳይ፣ የሙሽራው ዘመዶች ድብልቅ ናቸው፣ ምን ይደረግ፣ እንችለዋለን አልኩ። ከሁሉም ኋላ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። ሴት ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። የልጁ እኅት ትሆናለች አልኩ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ጣሰው። ልክ እንደ ወጉ። ልቤ ሞቀ። እትዬ ውባየሁ ከኋላዬ ሆና ሹክ ትላለች፤ «የልጁን ፎቶ እንኳ አልያዙም?»

ጣሰው ዘንጉን መሬት አስነካ። «አቶ ገብረ ሥላሴ፣ ልጅዎ እኛ ዘንድ ኖራለች፣ ክፉ አላየንባትም። በሆስፒታላችን ሰመመን የምትሰጠው እሷ ብቻ ናት። እሷ ፈቃድ የወጣች ቀን ሰው ተጭኖ ወደ ቦንጋ ይላካል። መንገዱን ደግሞ ያውቁታል። አሁን አዲስ አበባ ልትሄድ መልቀቂያ ጠይቃለች። ኃላፊዎቹን ጠየቅን፣ ግዴታዋን ጨርሳለች፣ መከልከል አንችልም አሉን። እሷን ለመንን፤ አለቀሰች እንጂ መልስ አልሰጠችንም። ስለዚህ ወደ ወለዷት አባት መጣን። እንድትቀር ቃልዎን ይስጡን። ልጅዎን ለደካ ይስጡልን።»

ነገሩ ይሄው ነው። ባል የለም። ሙሽራ የለም። ሊያስቀሩሽ ነው የመጡት። በደንብ ገብቶኛል፤ አልገባኝም ነበር ብዬ አላመካኝም።

እትዬ ውባየሁ እልልታዋ ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ «ወይ ጉድ» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ነቢዩ፣ መቼስ አፉ ነው፣ «ገብሬ፣ ሙሽራው ወረዳው ነው እንዴ? ይሄንስ ጥሎሽ አስጨምረው!» አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። በጉ ታርዷል። ወንበሩ ተደርድሯል። የእናትሽ ቅል ጠረጴዛው ላይ ነው።

ቢሆንም «ዘመድ ላማክር፣ ቀጠሮ ልስጣችሁ» ማለት እችል ነበር። ወጉም እሱ ነው። ሽማግሌ በመጣበት ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ እሺ ካለ ልጁ ከብዳዋለች ማለት ነው። እናትሽ ብትኖር እግሬን ትረግጠኝ ነበር። ልለው አፌን ከፍቼም ነበር። ያቺ ልጅ ያዘለችው ሴት ባትናገር።

«አባባ፣ ትሁት እባላለሁ» አለች። «ይሄንን ስወልድ ሆዴን ነው የከፈቱኝ። ከወገቤ በታች ደንዝዤ፣ ከላይ ነቅቼ ነበር። ፈርቼ ስንቀጠቀጥ ልጅዎ ራስጌዬ ሆና ታወራኝ ነበር። ስለ እርስዎ ነበር የምታወራኝ።»

«ስለ እኔ? ምን ብላ?»

ሴትዮዋ አፈረች። ቄሱ «ንገሪያቸው» አሏት።

«አባቴ አናጢ ነው፣ የቦንጋን በር ግማሹን የገጠመው እሱ ነው፣ የገዛ ቤታችን በር ግን ከተወለድኩ ጀምሮ ይጮኻል አለችኝ። ሌባ ቢመጣ እንድንሰማው ነው ይለናል፣ እውነቱ ግን ስንፍና ነው አለችኝ። ስስቅ ልጄ አለቀሰ። ወጥቶ ኖሯል።»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ነቢዩ ተነሣና በእግሩ ገፋ አደረገው። ጮኸ። የቆሙት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ሳቁ፤ ፓስተሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ አልወጣ አለኝ።

የሚሞት መስሎት ለሚንቀጠቀጥ ሰው የምታወሪው ስለ እኔ ነው ለካ። እኔ እኮ ስለ ሥራሽ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ደሞዝሽን እጠይቃለሁ፤ ጨመረ ወይ፣ አልጨመረም ወይ። ራስጌ ቆመሽ ምን እንደምትሠሪ፣ ከማን ጋር እንደምታወሪ፣ ማን እጅሽ ላይ እንደነቃ፣ ማን እንዳልነቃ፣ አላውቅም። እነዚህ ጭቃ የለበሱ ሰዎች ከኔ ይበልጥ ያውቁሻል። እዚያው ቆሜ ቀናሁባቸው። ደግሞም ኮራሁ። ደግሞም የነቢዩ ሳቅ ነበረ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡብኝ አፌ ከኔ ቀደመ።

«ተቀመጡ» አልኩ። «ሰጥቻለሁ።»

ተቀመጡ። ያ የታፈነው እልልታ ወጣ። ከደካ ያመጡትን ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። የእናትሽን ሰም በቢላዋ ሰበርኩት፤ ማሩ እንደ ጨው ረግቶ ነበር፣ ግን ምንም አልሆነም። በዳቦ በላን። ቄሱ ባረኩ፣ ፓስተሩ ባረኩ፣ ትሁት እጄን ሳመች። ሲመሽባቸው ሸኘኋቸው። ለሰዓታት ያህል፣ ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ደስተኛ ሰው ነበርኩ።

እትዬ ውባየሁ ሳህን እያጠበች ነበር። «ለመሆኑ ልጅቷን ጠይቀዋታል?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«አባቷ ነኝ።»

«አባቷማ ነዎት። ሥራውን ፈልጋ፣ ተፈትና፣ አንደኛ የወጣችው ማን ናት ነው ያልኩት።»

ያጠበችውን ሳህን ደፍታ ሄደች። በማግሥቱ ደግሞ ልጇ ሱቁ በር ላይ አገኘኝ። «ጋሼ፣ እኔ ነርስነቴን ስለቅ ሽማግሌ የላከብኝ የለም» አለ። «ቢልኩብኝ ምን እላቸው ነበር መሰለዎ? እኔ እቀራለሁ፣ እናንተ ደግሞ ለቤት አከራዬ ሽማግሌ ላኩልኝ እል ነበር።» ሳቀ። ነርስ እያለ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነበር። ግን ዛሬም ሰፈር ውስጥ ልጅ ሲያተኩሰው፣ ሱቁን ጥሎ የሚሮጠው እሱ ነው። ያለ ደሞዝ።

ከዚያ የአንቺ «እሺ» መጣ።

ልጄ፣ ብዙ አሰብኩ። መስኮት እየላግኩ አሰብኩ፣ ዳገት እየወጣሁ አሰብኩ። እነዚያ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ብትሄጂ እንደ ትሁት ያለች ሴት በዚያ መንገድ ተጭና ትመጣለች፤ ይሄን አልሸፍነውም፣ አንቺም ስለምታውቂው ነው ያለቀስሽው ይሆናል። ግን አንዲት ሴት ወረዳ አትሸከምም። ቀንም ሌትም አንድ ሰው ብቻ የሚጠራበት ሥራ፣ ጥሩ ሰው ስላገኘ ብቻ ጥሩ ሥራ አይሆንም። በር አንድ ማጠፊያ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ማጠፊያው ቢጠነክርም መቃኑ ይላቀቃል። ይሄንን የማውቅ ሰው ነኝ እኮ፣ እጄ ያውቀዋል፤ አፌ ነው ያላወቀው።

ደግሞ ይሄ ገባኝ። የተሳሳተ ደጅ ነው የቆሙት። አንቺን ደካ የሚያስቀር ነገር እኔ ቤት የለም። የሚበቃ ክፍያ እኔ አልጋ ሥር የለም። ሁለተኛ ባለሙያ ቀጥሮ የሚያሳርፍሽ እኔ አይደለሁም። ያንን የሚወስኑ ሰዎች ቢሮ አላቸው፤ ቦንጋም አላቸው፣ ከቦንጋ በላይም አላቸው። ታዲያ ሽማግሌዎቹ ለምን እኔ ዘንድ መጡ? የኔ ደጅ ዘበኛ ስለሌለው ነው። ነገ ና ስለማይል ነው። አባት ሽማግሌ ቆሞ ማየት እንደማይችል ስለሚያውቁ ነው። በዚያው ጭቃ፣ በዚያው ጋቢ፣ ቄስና ፓስተር ጎን ለጎን ሆነው፣ ትሁትም ልጇን አዝላ፣ እዚያ ቢቆሙ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ቢሉ ምናለበት? ለባለሙያዋ የሚበቃትን ስጧት ብሎ መለመን ነውር ነው እንዴ? ለሴት ልጅ ጥሎሽ ይጠየቅ የለ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አላውቅም። አለቀሰች እንጂ መልስ አልሰጠችም ብለዋል። መሄድ ስለፈለግሽ ነው ያለቀስሽው? ወይስ መቅረት ፈልገሽ፣ መቅረቱ ስላላኖረሽ? አባትሽ ነኝ፣ ግን አላውቅም። ያደከመኝም እሱ ነው። ደግሞ ደሞዙን የፈለግሽው ለኔ ዓይን ከሆነ፣ እሱን ከሂሳብሽ አውጪ። አንዱ ይበቃኛል፤ አሁንም ይሄው ገጹን ሞላሁት።

ስለዚህ ማመልከቻሽን መልሰሽ አስገቢ፣ ወይም አታስገቢ። ጥቅምት ገና አላለቀም። ብቻ በኔ ቃል ምክንያት አይሁን።

የአባት ዕዳ ለልጅ ይላሉ። በዚህ ቤት አይሠራም። ያለብኝን ራሴ ነው የምከፍለው። ብር እንዳትልኪ፤ በብር የሚከፈል የለበትም።

ለጣሰው፤ ሐሙስ ተነሥቼ ደካ እመጣለሁ። ጋቢያቸውን አጥፌ በእጄ ይዤ ደጁ ላይ እቆማለሁ። «ያልጠየቅኳትን ልጅ ሰጥቻችሁ ነበር፣ ቃሌን መልሱልኝ» እላለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ አውቃለሁ። አፋፉን ወርጄ አነሣዋለሁ። ተቀመጥ ቢሉኝ ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም።

ለቄሱና ለፓስተሩ፤ ትክክለኛውን ደጅ አሳያቸዋለሁ። ከፈቀዱ አብሬያቸው እቆማለሁ፣ አንቺ ሄድሽም ቀረሽም፤ ከአንቺ በኋላ ለምትመጣዋም ቢሆን። መቆም እችላለሁ፣ ከምንም በላይ የምችለው እሱን ነው።

ለትሁት፤ እጄን ስማ ሄዳለች። ፊት ለፊቷ ቆሜ ቃሌን መልሺልኝ ማለት ከሁሉም ያስፈራኛል። እሷ ዘንድ ብቻዬን እሄዳለሁ።

ለነቢዩ ምንም የለብኝም። ቃሌን እንዳነሣሁ ሲሰማ ዓመቱን ሙሉ ይሳቅ። ይሄንንም ችዬ እኖራለሁ።

ለእትዬ ውባየሁ አንድ መልስ አለብኝ። ልክ ነበርሽ እላታለሁ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ደጇ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ ግን እላታለሁ።

ለእናትሽ ማሩን። ማር የሚቆረጥበት ወቅት ሲደርስ ቅሉን እሞላዋለሁ፣ ሰሙን በራሴ አውራ ጣት እጫነዋለሁ። ከእንግዲህ ሽማግሌ አይጠብቅም። አንቺ በመጣሽ ቀን ይከፈታል።

በሩን ልጠግነው መዶሻ አንስቼ ነበር፣ ከዚያ አስቀመጥኩት። እሱ ዕዳ ይሁን አይሁን አንቺ ንገሪኝ። የፈራ ሰው የሚስቅበት ከሆነ፣ ይጩኽ።

የመጨረሻው የአንቺ ነው። ከጣሰውና ከትሁት ቤት ስወጣ ወደ ተከራየሽው ቤት እመጣለሁ። ወንበር እንዳታወጪ፣ ልብስ ለውጥ እንዳትይኝ፣ ዓይንህን ልይ እንዳትይኝ። ጭቃዬን እንደለበስኩ ደጅሽ ላይ እቆምና ዕድሜሽን ሙሉ ሳልጠይቅሽ የቀረሁትን እጠይቅሻለሁ፤ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» እልሻለሁ። እሺ ብትይኝ አልቀመጥም። እውነቱን ስትነግሪኝ እቀመጣለሁ።

አባትሽ
ገብረ ሥላሴ፣ አናጢው
ቦንጋ